ዕዳ ያለባቸው ሠራተኞች የጡረታ ዕቅዳቸውን የሚከልሱበት መንገድ

መግቢያ

ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 55 ዓመት የሆነ በርካታ ሠራተኞች ሁለት ኃላፊነቶችን በአንድ ጊዜ ይሸከማሉ። በአንድ በኩል የቤት ብድር፣ የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የወላጆች ሕክምና እንዲሁም የሠርግና የሐዘን ወጪዎች ያስከተሉት ዕዳ አለ። በሌላ በኩል ደመወዝ የሚቋረጥበት ጊዜ በየዓመቱ እየቀረበ ይመጣል። ብዙዎች ዕዳው እስኪቃለል ድረስ ስለ ጡረታ ማሰብን ያቆያሉ፤ ይሁንና የዘገየው ጊዜ ራሱ ዕዳውን ያከብደዋል።

ይህ መረጃ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በግል ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩና ዕዳ ያለባቸው ዜጎች የጡረታ ዕቅዳቸውን በምን ቅደም ተከተል ሊከልሱ እንደሚችሉ ያብራራል። የመረጃው ዋና ነጥብ ዕዳው በተቻለ መጠን ከደመወዙ ጋር አብሮ እንዲያበቃ ማድረግ እንደሚገባና ለዚህም ጡረታ ከመድረሱ ብዙ ዓመታት በፊት መጀመር እንደሚያስፈልግ ነው።

1. የጡረታ አበል መጠንን አስቀድሞ ማወቅ

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመራል። ከመከላከያ ሠራዊትና ከፖሊስ አባላት በስተቀር መዋጮው በሁለቱም ዘርፎች ተመሳሳይ ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይከፍላሉ። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው።

ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ የጡረታ መውጫ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን የሚከፈል የአገልግሎት ጡረታ አበል ያገኛል። የአበሉ መነሻ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ የወር ደመወዝ 30 በመቶ ነው። ከ10 ዓመት በላይ ለተፈጸመ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል፤ ጠቅላላው ግን ከአማካይ ደመወዙ 70 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። በዚህ ስሌት መሠረት፦

• ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ
• ለ20 ዓመት አገልግሎት 42.5 በመቶ
• ለ25 ዓመት አገልግሎት 48.75 በመቶ
• ለ30 ዓመት አገልግሎት 55 በመቶ
• ለ35 ዓመት አገልግሎት 61.25 በመቶ
• ለ42 ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግሎት 70 በመቶ ይሆናል።

ለስሌቱ የሚያዘው ደመወዝ ለመደበኛ የሥራ ሰዓት የሚከፈለው፣ ግብርና ሌሎች ተቀናሾች ሳይነሱለት ያለው የወር ደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርት፣ የቤትና የውሎ አበል አይገቡበትም። ከወር ገቢው ጉልህ ድርሻ በልዩ ልዩ አበሎች የሚያገኝ ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ የሚገጥመው የገቢ መቀነስ ከላይ ያሉት መቶኛዎች ከሚያሳዩት የበለጠ ስለሚሆን ይህንን በዕቅዱ ሊያስብበት ይገባል።

2. ሁለት ቀኖችን ማነጻጸር

የጡረታ ዕቅድ ክለሳ የሚጀምረው ሠራተኛው 60 ዓመት የሚሞላበትን ቀንና እያንዳንዱ ዕዳ የሚያበቃበትን ቀን ጎን ለጎን በመጻፍ ነው። ከጡረታ መውጫ ቀን በፊት የሚያበቃ ዕዳ በሥራ ዘመን የሚጠናቀቅ ሸክም ነው። ከዚያ ቀን የሚያልፍ ዕዳ ግን ከጡረታ አበል የሚከፈል ስለሆነ ቅድሚያ ትኩረት ይሻል።

ለምሳሌ ያህል፣ በ30 ዓመቱ ተቀጥሮ አሁን 48 ዓመት የሞላው ሠራተኛ 15 ዓመት የሚቀረው የቤት ብድር አለበት ይባል። በየወሩ የሚከፍለው 3,500 ብር፣ የብድሩ ወለድ በዓመት 12 በመቶ፣ ቀሪው ዋና ገንዘብ ደግሞ 291,600 ብር ገደማ ነው። ሠራተኛው በ60 ዓመቱ የ30 ዓመት አገልግሎት ይኖረዋል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 16,000 ብር ቢሆን የጡረታ አበሉ 55 በመቶ፣ ማለትም 8,800 ብር ይሆናል። ከደመወዙ 22 በመቶ ገደማ የነበረው የብድር ክፍያ ከአበሉ 40 በመቶ ገደማ ይወስዳል፤ ለወር ወጪ የሚተርፈው 5,300 ብር ነው። ይህ ሁኔታ ለ36 ወራት የሚቀጥል ሲሆን ከአበሉ በጠቅላላው 126,000 ብር ይወጣል።

ይኸው ሠራተኛ ዕዳውን በ60 ዓመቱ ለመጨረስ ቢወስንና አበዳሪው ተጨማሪ ክፍያውን ከዋናው ገንዘብ ላይ የሚቀንስ ከሆነ፣ ውጤቱ በሚጀምርበት ዕድሜ ይወሰናል፦

• በ48 ዓመቱ ቢጀምር በየወሩ 330 ብር ገደማ መጨመር ይበቃዋል። በ12 ዓመት ውስጥ የሚጨምረው ገንዘብ 47,500 ብር ገደማ ሲሆን በጡረታ ዘመኑ ይከፍለው የነበረው 126,000 ብር ይቀርለታል።
• እስከ 55 ዓመቱ ቢያቆየው ግን በየወሩ 1,290 ብር ገደማ መጨመር ይኖርበታል።

የእያንዳንዱ ሰው ብድር፣ ወለድና ደመወዝ የተለያየ በመሆኑ አሃዞቹ ለማሳያ ብቻ የቀረቡ ናቸው። ትክክለኛውን ስሌት አበዳሪው ተቋም በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

3. ዕዳዎችን መዝግቦ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ

ብዙ ሰው የባንክ ብድሩን እንጂ ሌሎች ዕዳዎቹን አይመዘግብም። የተሟላ መዝገብ የሚከተሉትን ያካትታል፦

• የባንክ ወይም የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ብድር፣ በ20/80 ወይም በ40/60 መርሐ ግብር የተገኘ ቤት ብድርን ጨምሮ
• ከገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የተወሰደ ብድር
• ከአሠሪ የተወሰደና ከደመወዝ የሚቆረጥ ብድር
• ዕጣው ቀድሞ የወጣለት እቁብተኛ የሚቀረው መዋጮ
• በሞባይል ስልክ የሚወሰዱ አነስተኛ ብድሮች
• ከግለሰብ የተወሰደ ገንዘብና የሱቅ ዱቤ
• ለሌላ ሰው የተገባ ዋስትና

ለእያንዳንዱ ዕዳ ቀሪው ዋና ገንዘብ፣ የወለዱ መጠንና በወር ወይም በዓመት የሚታሰብ መሆኑ፣ ወርኃዊ ክፍያው፣ ማብቂያ ቀኑ እንዲሁም የተያዘው መያዣ ሊጻፍ ይገባል። መዝገቡ ከተሟላ በኋላ የሁሉም ዕዳዎች ወርኃዊ ክፍያ ሳይቋረጥ ተጨማሪ የሚገኘው ገንዘብ በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢውል ይመረጣል፦ በመጀመሪያ የመኖሪያ ቤትን ለሐራጅ ሊያደርስ የሚችል ውዝፍ ክፍያ፤ ቀጥሎ ከፍተኛ ወለድ ያለው ዕዳ፤ በመጨረሻም ከጡረታ መውጫ ቀን የሚያልፍ የረጅም ጊዜ ብድር።

የመያዣ ጉዳይ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ከተበዳሪው ጋር በውል ከተስማማ፣ ዕዳው በወቅቱ ካልተከፈለው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ስለሆነም ከባንክ የሚደርስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በደረሰበት ዕለት ምላሽ ሊሰጠው የሚገባ ሰነድ ነው።

4. ከግለሰብ የሚወሰድ ብድርና አራጣ

በወር በሚታሰብ ከፍተኛ ወለድ የተወሰደ የግለሰብ ብድር ማንኛውንም የጡረታ ዕቅድ ያፈርሳል። በወር 5 በመቶ የሚታሰብበት 100,000 ብር በየወሩ 5,000 ብር፣ በዓመት 60,000 ብር ወለድ ብቻ ያስከፍላል፤ ይህ ሁሉ ተከፍሎም ዋናው 100,000 ብር እንዳለ ይቀራል። በዓመት 12 በመቶ ቢሆን ኖሮ የዓመቱ ወለድ 12,000 ብር ነበር።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለዚህ ጥበቃ ያደርጋል። በሕጉ ቁጥር 2479 መሠረት በብድር ውል ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ ሊስማሙ አይችሉም፤ ከዚህ በላይ ከተስማሙ ወይም የወለዱ ስምምነት በጽሑፍ ካልሆነ ተበዳሪው የሚከፍለው በዓመት 9 በመቶ ነው። የባንኮችና የሌሎች የገንዘብ ተቋማት ወለድ በሌላ ሥርዓት ይመራል። በሕጉ ቁጥር 2472 መሠረትም ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር ማስረዳት የሚቻለው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ነው። በተጨማሪም አራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 712 ያስቀጣል።

ተበዳሪዎች የሚከፍሉትን እያንዳንዱን ገንዘብ በደረሰኝ ወይም በባንክ ዝውውር ሊከፍሉ ይገባል። ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም፣ ከተቀበሉት በላይ የሆነ ገንዘብ የተጻፈበትን ውል መፈረም ወይም ያልተሞላ ቼክ ሰጥቶ መበደር በኋላ ለማስተባበል እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ማስረጃ ይፈጥራል። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ ሰው ከማኅበሩ በአነስተኛ ወለድ ተበድሮ የግለሰቡን ዕዳ ቢዘጋ አዲሱ ብድር ጠቀሜታ የሚኖረው የቀድሞው ውል በጽሑፍ ሲሰረዝና ሌላ የግለሰብ ብድር ሳይጨመርበት ነው።

5. ለሌላ ሰው ዋስ መሆን

በመካከለኛ ዕድሜ ላይ የሚገኝ ቋሚ ሠራተኛ በዘመድና በባልደረባ ዘንድ ለዋስትና ተፈላጊ ነው። ዋስትና ገንዘብ ያልተቀበሉበት ዕዳ በመሆኑ ከመዝገብ ይዘነጋል፤ ተበዳሪው ክፍያ ሲያቋርጥ ግን ከዋሱ ደመወዝ ወይም ንብረት ይጠየቃል። የአንድነት ዋስ የሆነ ሰው አበዳሪው ዋናውን ባለዕዳ ሳይከስ በቀጥታ ሊጠይቀው ይችላል።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፤ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በውሉ ካልተገለጸም ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ዋስ የሚሆን ሰው የገንዘቡን መጠን፣ የዋስትናውን ዓይነትና የብድሩን ማብቂያ ቀን አንብቦ የውሉን ቅጂ ሊይዝ ይገባል። ብድሩ የሚያበቃው ዋሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሆነ አደጋው ከራስ ዕዳ የተለየ አይደለም። ዕዳውን የከፈለ ዋስ ገንዘቡን ከዋናው ባለዕዳ የመጠየቅ መብት አለው፤ ለዚህም የከፈለበት ደረሰኝ ያስፈልገዋል።

6. የትዳር አጋሮች ኃላፊነት

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ለቤተሰቡ ጥቅም የተገባ ዕዳ የሁለቱም ተጋቢዎች የጋራ ዕዳ ሆኖ ከጋራ ሀብታቸውም ሆነ ከእያንዳንዳቸው የግል ሀብት ሊጠየቅ ይችላል። ይኸው ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር እንዲሁም በዚህ መጠን ዋስ ለመሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከተሞች ተፈጻሚ ሲሆን ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው።

በመሆኑም የዕዳ መዝገቡ በባልና ሚስት አብሮ ቢዘጋጅ ይመረጣል። የተሰወረ ዕዳ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው በሕመም ወይም በሞት ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቤተሰቡ የሚደራደርበት አቅምም ሆነ ማስረጃ አይኖረውም። በትዳር አጋሮች መካከል የዕድሜ ልዩነት ካለ የመጀመሪያው ጡረታ ከወጣ በኋላ የቤተሰቡ ወጪና ዕዳ በአንድ ደመወዝና በአንድ አበል እንዴት እንደሚሸፈን ተለይቶ ሊሰላ ይገባል።

7. ከአበዳሪ ጋር መነጋገር

ክፍያ ሊያስተጓጉል የሚችል ችግር የገጠመው ተበዳሪ ክፍያው ከመወዘፉ በፊት ለአበዳሪው ተቋም በጽሑፍ ቢያሳውቅ የመደራደር ዕድሉ የሰፋ ይሆናል። በማመልከቻው ላይ የችግሩ ምክንያት፣ አሁን ያለው ገቢ፣ ሊከፈል የሚችለው መጠንና የሚጠየቀው ማሻሻያ ከደጋፊ ማስረጃ ጋር ሊገለጽ ይገባል።

የብድር ጊዜ ማራዘም የሚቀርብ የተለመደ አማራጭ ነው። ማራዘሚያው ወርኃዊ ክፍያን ስለሚቀንስ ወዲያውኑ እፎይታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ጠቅላላውን ወለድ ይጨምራል፣ የዕዳውንም ማብቂያ ወደ ጡረታ ዘመን ሊያሻግር ይችላል። ከመፈረም በፊት አዲሱ የማብቂያ ቀን ከ60ኛ ዓመት ጋር መነጻጸር አለበት። ማራዘሙ የማይቀር ከሆነ ገቢ ሲሻሻል ተጨማሪ ክፍያ መፈጸም እንደሚቻልና ክፍያው ከዋናው ገንዘብ ላይ እንደሚቀነስ በውሉ እንዲሰፍር መጠየቅ ይገባል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህ ጣሪያ ሠራተኛውን ይጠብቃል፤ ሆኖም በአሠሪው በኩል የማይቆረጡ ሌሎች ዕዳዎችን ስለማያካትት ጠቅላላው ጫና በዕዳ መዝገቡ አማካይነት መታየት አለበት።

8. ሊወገዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ዕዳን ለማቃለል ሲባል የሚወሰዱ አንዳንድ እርምጃዎች የጡረታ ዘመንን ይጎዳሉ፦

• አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ለማግኘት ሥራ መልቀቅ። የሚቋረጠው እያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት ከአማካይ ደመወዙ 1.25 በመቶ የሚሆን አበል ዕድሜ ልክ ያስቀራል፤ 10 ዓመት ሳይሞላ የጡረታ ዕድሜ ላይ የደረሰ ሠራተኛ ደግሞ በየወሩ በሚከፈል አበል ፋንታ ዳረጎት ብቻ ያገኛል።
• መዋጮ ወደ ጡረታ ፈንድ ሳይገባ በእጅ እንዲከፈል ከአሠሪ ጋር መስማማት። ሕግን የሚተላለፍ ከመሆኑም በላይ ሠራተኛው የአሠሪውን 11 በመቶ ያጣል።
• ዕዳ የሌለበትን ብቸኛ መኖሪያ ቤት ለአነስተኛ ፍጆታ ዕዳ በመያዣነት መስጠት።
• አንዱን ዕዳ በሌላ ከፍተኛ ወለድ ባለው ዕዳ መክፈል።
• ለድንገተኛ ወጪ የተቀመጠውን ገንዘብ ሁሉ ለዕዳ ማዋል። የመጀመሪያው ሕመም ወይም የቤት ጥገና ወጪ ተበዳሪውን ወደ አራጣ አበዳሪ ሊመልሰው ይችላል።

9. ዕቅዱን መከለስ

ዕዳው ከ60 ዓመት በፊት ሊያልቅ እንደማይችል ስሌቱ ካሳየ ዕቅዱ ራሱ መለወጥ ይኖርበታል። ሊታዩ ከሚችሉት አማራጮች መካከል ከቤቱ ክፍሎች የተወሰኑትን አከራይቶ ኪራዩን ለብድሩ ማዋል፣ ሰፊውን ቤት ሸጦ አነስተኛ ቤት በመግዛት ዕዳውን መዝጋት እንዲሁም በሙያ የሚገኝ ተጨማሪ ገቢን ለዕዳው ብቻ መመደብ ይገኙበታል። ለአካለ መጠን ከደረሱና ገቢ ካላቸው ልጆች ጋር ስለ ወጪ ክፍፍል በግልጽ መነጋገርም አስፈላጊ ነው። ከጡረታ በኋላ ተቀጥሮ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ቅጥሩ በአበሉ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት ከሚመለከተው የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር አስቀድሞ ሊያረጋግጥ ይገባል።

አንድ ዕዳ ተከፍሎ ሲያልቅ ለእርሱ ይውል የነበረው ወርኃዊ ገንዘብ ወደ ዕለት ወጪ ሳይቀላቀል ለቀጣዩ ዕዳ፣ ዕዳዎቹ ካለቁም ለቁጠባ ቢመደብ የቤተሰቡ ኑሮ ሳይለወጥ ዕቅዱ ይፋጠናል።

10. ከወዲሁ ሊሟሉ የሚገባቸው ማስረጃዎች

የጡረታ መብት በመዝገብ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሠራተኞች የሚከተሉትን ከወዲሁ ሊያረጋግጡ ይገባል፦

• የጡረታ መለያ ቁጥር
• በሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የተመዘገበው የልደት ዘመን፤ የጡረታ መውጫ ጊዜ የሚወሰነው በመጀመሪያ ቅጥር ወቅት በተመዘገበው ዕድሜ ነው።
• የቀድሞ መሥሪያ ቤቶች የቅጥር፣ የደመወዝና የስንብት ደብዳቤዎች
• መዋጮ በየወሩ ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ
• የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀቶች
• የብድር ውሎች፣ የክፍያ ደረሰኞችና የተጠናቀቁ ዕዳዎች የመዝጊያ ደብዳቤዎች

ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

የጡረታ መዋጮን ለዕዳ ክፍያ ማውጣት ይቻላል?
አይቻልም። መዋጮው ወደ ጡረታ ፈንድ የሚገባ እንጂ በሥራ ላይ ሳሉ የሚወጣ የግል ቁጠባ አይደለም። አሠሪው ከጡረታው ሌላ ፕሮቪደንት ፈንድ ካለው አከፋፈሉ በፈንዱ ደንብ ይመራል።

አበዳሪ የጡረታ አበልን ሊያስከብር ይችላል?
በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለመንግሥት ግብርና መቀጮ ወይም ለቀለብ ከሚፈጸም ክፍያ በስተቀር የጡረታ አበል በዕዳ አይከበርም። ይህ ጥበቃ ግን በመያዣ የተሰጠን ቤት ወይም ለብድሩ ዋስ የሆኑ ሰዎችን አይሸፍንም።

ከግል ድርጅት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የተዛወረ ሠራተኛ አገልግሎቱ ይደመርለታል?
መዋጮ የተከፈለበት አገልግሎት ይደመራል። ማስረጃው ከመጥፋቱ በፊት፣ በተለይም የቀድሞው ድርጅት ከመዘጋቱ በፊት ማሰባሰብ ያስፈልጋል።

ዕዳ እያለ መቆጠብ ተገቢ ነው?
ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን መጠነኛ ቁጠባ መያዝ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ የዕዳው ወለድ ከቁጠባው ወለድ በሚበልጥበት ጊዜ ለዕዳው ቢውል የተሻለ ጥቅም ይሰጣል።

አገልግሎት የሚገኝበት ቦታ

የመንግሥት ሠራተኞች በመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶች ቀርበው የአገልግሎትና የመዋጮ መረጃቸውን ማረጋገጥ ይችላሉ። ባለጉዳዮች ሲቀርቡ መታወቂያቸውን፣ የጡረታ መለያ ቁጥራቸውንና የቅጥር ማስረጃቸውን ሊይዙ ይገባል። የቀረ ወይም የተሳሳተ መረጃ ከተገኘ ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ፣ አሠሪውም ማስረጃ ሊሰጥ በሚችልበት ጊዜ እንዲስተካከል ማመልከት ያስፈልጋል።